ስለቷ ያልደረሰላት አክስቴና የቁልቢ መንገድ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሌሊቱ 10 ሰዓት። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ሞተራቸውን አስነስተው ቆመዋል። ጉዞውን ያዘጋጀው የሰፈሩ ጽዋ ማኅበር ነው። ሰዉ ነጭ በነጭ ሆኖ ይሳሳማል፣ ስንቅ ይቀባበላል፣ በወንበር ይጨቃጨቃል። አክስቴ ብቻ ጥቁር ለብሳለች። ነጠላዋንም እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃዋለች። እቅፏ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዛለች።

«እማማ፣ ያምጡት እሱን ጣሪያ ላይ ልሰረው» አላት ረዳቱ።

«ይሄ አይታሰርም። ከኔ ጋር ነው የሚቀመጠው» ብላው ገባች።

ጃንጥላ ነው። የዝናብ አይደለም፤ ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋው፣ ቀይ ከፋይ ሆኖ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። የስለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ኩላሊቱን ታመመ። የኩላሊት እጥበት የገባበትን ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ ቁጠባው ያልቃል። ቀጥሎ ወርቁ ይሸጣል። ከዚያ ዘመድ ያዋጣል፣ ዕድር ያዋጣል፣ የማታውቀው ሰው በባንክ ሁለት መቶ ብር ይልክልሃል። በዚያ ሁሉ መሀል አክስቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች። «ልጄን ካዳንክልኝ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ» አለች። ልጁ ባለፈው ነሐሴ ዐረፈ። አርባውም ሰማንያውም ወጣ። ከሰማንያው በኋላ አንድ ቀን ቤቷ ስንሄድ ጃንጥላው ተገዝቶ ቁም ሣጥኑን ተደግፎ ቆሟል።

አባቴ፣ ወንድሟ ማለት ነው፣ ተቆጣ። «ልጅሽን ላላዳነልሽ ምን ብለሽ ነው ስለት የምትወስጂው?»

«ይዤ እመጣለሁ ብያለኋ» አለችና ሁለተኛውን ቡና ቀዳችለት።

እኔ ከጉዞው የገባሁት እናቴ «ብቻዋን አትሄድም» ስላለች ነው። በየዓመቱ ቁልቢ ከሚወርዱት አይደለሁም። እውነቱን ለመናገር የአባቴ ጥያቄ የኔም ጥያቄ ነበር። እሱ ጮክ ብሎ ጠየቀ፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ተከተልኳት።

አዳማ ላይ ፉል በላን። የታኅሣሡ ቁልቢ ሁልጊዜም ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል የተጓዡ ምግብ ፉል፣ ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ነው። የሐምሌ 19ኙ ተጓዥ በዚህ በኩል ታድሏል።

ከወለንጪቲ በኋላ ሙቀቱ መጣ፣ ጋቢው ወለቀ። መተሐራ ስንደርስ በሰቃ ሐይቅ ከመንገዱ ሥር ተኝቷል። ይህ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መሬት ሲውጥ የኖረ ነው። ከወዲያ ፈንታሌ ተራራ ቆሟል። እዚህ አካባቢ መሬቱ ከመስከረም ጀምሮ እየተንቀጠቀጠ ነው። አዲስ አበባ ሆነን ፎቅ ሲወዛወዝ «ተሰማህ?» እየተባባልን ቴሌግራም ላይ የምንጽፈው መነሻው ከዚህ ነው። እዚህ ያለው ሰው ግን ቤቱ ውስጥ መተኛት ፈርቷል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ቡና ያፈላችልን ልጅ ፍራሿን ካወጣች ቆይታለች። «ከጅብ ጋር እያደርን ነው» አለች እየሳቀች። ሲኒውን ስታቀርብ እጇ ቀጥ ያለ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠች አንዲት ወጣት እናት አለች። ለብዙ ዘመን ልጅ እምቢ ብሏት፣ ለገብርኤል ተስላ፣ የወለደችውን ወንድ ልጅ ልታሳየው ነው የምትሄደው። ቁመቱን የሚያህል ጧፍ አሠርታለች። ልጁ ወፍራም ነው። የአክስቴን ጃንጥላ ዘርፍ በላስቲኩ ቀዳዳ እየሳበ አስቸገረ። እናትየው ዞር ብላ፣

«እርስዎም ስለት ነው መሰለኝ?»

«አዎ፣ ስለት ነው።»

«እሰይ! እንኳን ደረሰልዎ!»

እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። አክስቴ «አሜን» አለች። ከዚያ የልጁን እጅ ከዘርፉ እያላቀቀች «ይሄን ልጅ ኮፍያ አድርጊለት፣ ጨርጨር ላይ ብርድ አለ» ብላ ተቆጣቻት።

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ነው። ጭሮ፣ የድሮዋ አሰበ ተፈሪ፣ አደርን። ክፍል ጠፍቶ አልጋ ለሁለት። ብርዱ አክስቴ እንዳለችው ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

ከጭሮ እስከ ቁልቢ ያለው መንገድ ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚታይ ነገር ሞልቶታል። ዛሬ የሚታየው የመኪና ቂጥ ነው። ኮስተር፣ አባዱላ፣ ጣሪያው ላይ ፍራሽ የጫነ አይሱዙ። ከሁሉም መዝሙር ይወጣል፣ ሁሉም የየራሱን። ተራራው በእርከን እየተቆረጠ ጫትና ማሽላ ተዘርቶበታል። ሂርና ላይ ሕፃናት ኮረብታ ላይ ቆመው እጃቸውን ያወናጭፉልናል። ጨለንቆ ስናልፍ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ምኒልክና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ በ1879 የተዋጉት እዚህ እንደሆነ ነገሩን። ማንም አልመለሰላቸውም። ሰዉ «ደረስን ወይ?» እያለ ነው።

ቁልቢ ላይ ዋናው መንገድ ዳር ወርደን በእግር ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ዳገቱ ላይ ያየሁትን ልጻፍ፦ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ የሚወጣ ጎልማሳ፣ ሱፍ ለብሶ በእንብርክኩ የሚሄድ ሰው፣ መንታ ያዘለችና ያቀፈች ሴት፣ በግ የሚጎትት ልጅ፣ በግራና በቀኝ «ስለ ገብርኤል» የሚሉ ነዳያን። በድምፅ ማጉያው ደግሞ «ምእመናን፣ ኪሳችሁን ጠብቁ»። ኔትወርክ ድራሹ የለም።

ድምፅ ማጉያው በየመሀሉ ስለት ያነባል። ካንሰር የዳነለት። ቪዛ የመጣላት። አሥራ ሁለት ዓመት መክና የወለደች። ከባሕር የተረፈ። ከእያንዳንዱ በኋላ እልልታው ይቀልጣል። እኔም እል ነበር፣ አልዋሽም። ደስታው ይጋባል። ግን ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ከነከነኝ። የሚነበበው የደረሰለት ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል ስንቱ ነው እንደ አክስቴ ጠይቆ ያላገኘ? እሱም እኮ መጥቷል። ዳገቱን ወጥቷል። የሱን የሚያነብ የለም፣ ምን ተብሎስ ይነበባል?

ለዚህም ይመስለኛል ሐዘንተኛ ሰው አንዳንዴ ከቤተ ክርስቲያን የሚሸሸው። አምላክ ላይ ቂም ይዞ ሳይሆን የሌላው ምስክርነት ስለሚከብደው። «እምነትሽ ቢጠነክር ኖሮ ይድን ነበር» ያለቻትን አንዲት ጎረቤት አክስቴ እስካሁን አታናግራትም። ልክ ነች።

ማደሪያ ያገኘነው አንዲት እስላም እናት ግቢ ውስጥ ነው። በዓሉ ሲደርስ የአካባቢው ሰው ግቢውን ያከራያል። እሳቸውም ሸራ ወጥረው ገለባ ጎዝጉዘው ጠበቁን። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። በወተት የፈላ ሆጃ ይዘው መጡ፣ አጠገባችን ሲደርሱ «ወይኔ፣ ጾም ናችሁ!» ብለው ተመለሱ። ወተት የሌለው ሻይ በቅርንፉድ አፍልተው አመጡ። የአክስቴን ጥቁር ልብስ አይተው «ማን ሞተብሽ?» አሏት። ቀጥታ። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ድረስ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

«ልጄ።»

ሴትዮዋ አጠገቧ ቁጭ አሉ። እሳቸውም አንድ ወንድ ልጅ ቀብረዋል። ስለ ጽናት ምንም አላነሡም። ስንት ዓመቱ ነበር፣ ምን ይበላ ነበር፣ ቁመቱስ? አክስቴ ሁሉንም መለሰች። የፓስታ ወዳጅ እንደነበር፣ በር ሲገባ ጎንበስ ይል እንደነበር። ከነሐሴ ወዲህ እንዲህ ስታወራ አልሰማኋትም። እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ እነሱ ገና ነበሩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ሌሊቱን ማኅሌት ሲቆም አድሯል። ከበሮውና ጸናጽሉ ሸራው ድረስ ይሰማል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥተን ወጣን። ውስጥ መግባት አይታሰብም፤ ግቢውም ሞልቶ አጥሩ ላይ ሰው አለ።

የዕለቱ ታሪክ የሠለስቱ ደቂቅ ነው። አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል። ናቡከደነፆር ላቆመው የወርቅ ምስል አንሰግድም ብለው ከወትሮው ሰባት እጥፍ የነደደ እሳት ውስጥ ተጣሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እሳቱን ያበረደላቸው ቅዱስ ገብርኤል ነው። ሰባኪው ጥሩ ተናጋሪ ነበር፣ እሳቱ ውኃ እስኪሆን ድረስ ያለውን በደንብ ነገረን። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቼ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ማንበብ ጀመርኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰማሁት ታሪክ ነው። ቁጥር 18 ላይ ቆምኩ። ልጆቹ ለንጉሡ አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉት በኋላ ይጨምራሉ፦ ባያድነንም እንኳ አንሰግድልህም።

ይህን ሲሉ እሳቱ እንደሚበርድ አያውቁም። ማንም አልነገራቸውም። እኛ መጨረሻውን ስለምናውቅ ይህችን ዐረፍተ ነገር ዘለን ነው ወደ ተአምሩ የምንሮጠው። ለአክስቴ አሳየኋት። ያለ መነጽር ስለማታነብ ጆሮዋ ላይ አነበብኩላት። «አውቀዋለሁ» አለች። «ሆስፒታል ሳለን እሱ ነው ያነበበልኝ።»

ስለት መቀበያው ጋ ሰልፉ ረጅም ነው። ሲደርሰን ጃንጥላውን ከላስቲኩ አወጣችው። የዋጋው ወረቀት ዘርፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። መቀስ የለ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወረቀቱን ኪሷ ከተተችው። መዝገብ የያዘው ወጣት ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ስለቱ ስለምን ነበር?»

«ስለ ልጄ ጤና።»

«እንኳን ደረሰልዎ።»

«አልደረሰልኝም።»

አሁን ቀና አለ። እስክሪብቶው እጁ ላይ ቀረ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ይገፋል።

«እና…?»

«እና ይኸው አመጣሁ።»

ልጁ የሚጽፍበት ዐምድ ጠፋው መሰለኝ መዝገቡን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየው። በመጨረሻ «ጃንጥላ፣ አንድ» ብሎ ጻፈና በሁለት እጁ ተቀበላት።

ታቦቱ ሲወጣ የእሷን ጃንጥላ ከሌሎቹ መሀል ልለየው ሞከርኩ። አልቻልኩም፤ ቀይ ብቻ መዓት ነው። እሷ አልፈለገችውም። ወደ መሬት ተደፍታ ታለቅሳለች። በለቅሶ ቤት የምናውቀው ዓይነት አይደለም፣ ድምፅ የለውም፣ ብቻ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዙሪያዋን ሰው ሁሉ እልል ይላል። አጠገባችን የነበረች አንዲት የማናውቃት ሴት ጀርባዋ ላይ እጇን አሳርፋ እልልታዋን ቀጠለች።

ከንግሡ በኋላ መስቀል የሚያሳልሙ አንድ አረጋዊ ቄስ አገኘን። አክስቴ ተሳልማ አልሄደችም።

«አባቴ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ሲደርስለት የኔን ለምን ዘለለው?»

የሆነ ጥቅስ ይመዝዛሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አባ መስቀሉን ዝቅ አድርገው አሰቡ። «እሱን እኔም እዚያው ስደርስ ነው የምጠይቀው፣ ልጄ» አሉ። ቀጥለው የልጁን ክርስትና ስም ጠየቋት። ነገረቻቸው። በቃላቸው ሁለቴ ደገሙት፣ እንዳይጠፋቸው መሰለኝ።

ስለ ቁልቢ ታሪክ የሚያወራ ሁሉ ራስ መኮንንን ያነሣል። ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ለገብርኤል ተስለው፣ በድል ሲመለሱ እዚህ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ ይባላል። ያ 1888 ነው። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ደግሞ ራስ መኮንን በመጋቢት 1898 ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት እዚችው ቁልቢ መሆኑ ነው። ስለታቸው ከደረሰላቸው ዐሥር ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቦታ፣ የ13 ዓመት ልጃቸውን ተፈሪን ትተው። ያ ልጅ አድጎ ንጉሠ ነገሥት ሲሆን አሁን ያለውን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን አሠራ። አባቱ የሞተበት ቦታ ላይ። ይህን ለአክስቴ ስነግራት «እሱስ ጸልዮ ይሆናል፣ አባቴን አድንልኝ ብሎ» አለች። እንዲያ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ወይስ ድሬዳዋ ወርደን? የማኅበሩ ሰብሳቢ «ይህ መንፈሳዊ ጉዞ ነው» አሉ። አውቶቡሱ በሙሉ ድምፅ ድሬዳዋን መረጠ። አክስቴም እጇን አወጣች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

ድሬዳዋ። ታይዋን ገበያ። አክስቴ ለአንድ ብርድ ልብስ ግማሽ ሰዓት ተከራከረች። ሦስት ጊዜ ሄደች፣ ሦስት ጊዜ ተጠራች። ስለ ልብሱ ጥራት እኔ አላምንበትም፣ እሷ ግን አሸንፋ ወጣች።

ተመልሰን አዋሽ ስንደርስ መሽቷል። ሆቴሉ ምድር ቤት ነው፣ ተመስገን። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል አልጋው ተንሸራተተ። መጀመሪያ ከባድ መኪና ያለፈ መሰለኝ። ከዚያ የመስኮቱ መስታወት መንገጫገጭ ጀመረ፣ ከየክፍሉ «ገብርኤል!» «ኧረ በማርያም!» «ያ አላህ!» አንድ ላይ ተሰማ። ሁላችንም ግቢ ውስጥ ተገናኘን፣ ገሚሱ በባዶ እግሩ። አክስቴ አዲሱን ብርድ ልብስ ይዛ ነው የወጣችው። «ይኸው፣ ሥራ አገኘ» አለች።

ማንም ተመልሶ ሊገባ አልፈለገም። የሆቴሉ ሠራተኞች ፍራሽ አወጡ። የሐሙሷ ቡና አፍይ ልጅም ከጎረቤት መጣች፤ ለሷ አዲስ ነገር አይደለም፣ የት ጋ ብንተኛ እንደሚሻል እያሳየች አስተኛችን። ወጣቷ እናት ልጇን አቅፋ ትንቀጠቀጣለች። አክስቴ ብርድ ልብሱን ለሦስቱም አለበሰችና መልክአ ገብርኤል በቃሏ ጀመረች። የሚችል ተቀበላት። እኔ የምችለውን ያህል።

ሁሉም ጋደም ሲል ጠየቅኳት። ከአዲስ አበባ ጀምሮ የያዝኩትን ጥያቄ።

«እቴቴ፣ ግን ለምን አመጣሽው?»

ትንሽ ዝም አለች። «ሆስፒታል ሌሊቱ አያልቅም፣ ታውቂያለሽ» አለች። «መተላለፊያው ላይ ካርቶን አንጥፌ ነበር የማድረው። አንድም ሌሊት ግን ብቻዬን ነኝ ብዬ አላውቅም። እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ። እሳቱ አልበረደም። አብሮኝ ግን ነበረ። ታዲያ እሱን ዝም ብዬ ልለፈው?»

«እና ስለምን ወሰድከው አትይውም?»

«እላለሁ እንጂ! በየቀኑ እላለሁ። ዛሬም ብያለሁ። ተቀይሜዋለሁ፣ አብረን ነን። አሁን ተኚ።»

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

አዳማ ስንደርስ ኔትወርኩ ተስተካከለ። አባቴ ደወለ። ስለ መንቀጥቀጡ ሰምቶ ሌሊቱን ሲደውል አድሯል፣ ድምፁ ሻክሯል። ደህና መሆናችንን ነገርኩት። «ጃንጥላውንስ አስገባች?» አለ ቀስ ብሎ። አስገባች አልኩት። ሌላ የሚጠይቀው ነገር ያለው መስሎኝ ስጠብቅ አክስቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ስማ፣ ለሐምሌ አንተ ነህ ይዘኸኝ የምትሄደው። ሐምሌ ላይ ጾም የለም አትበል ሰበብ፣ ሥጋ እዚያም አለ» አለችውና ዘጋችበት።